አንጓች ያነበበችው ወረቀት

ሚያዝያ፣ ረፋድ ላይ፤ ለአጸደ ሕፃናት ግንባታ በተመረጠ ደረቅ ጨፌ ውስጥ የወረዳው መሐንዲስ ይበልጣል ገመድና ካስማ ይዞ ቆሟል፤ የሰባት ልጆች እናት፣ የጎልማሶች ትምህርት ተማሪና የግንባታ ኮሚቴ አባል የሆነችው ወይዘሮ አንጓች ነጠላዋን ወደ ጎኗ ሰብስባ ከፊቱ ተገትራለች።

ይበልጣል፦ ወይዘሮ አንጓች፣ ነጠላዎ ሥር ያለውን ያውጡልኝ።

አንጓች፦ ምን አለና?

ይበልጣል፦ ካስማዎቼ አሉ። የአንዱ ጫፍ በብብትዎ በኩል ወጥቶ እያየሁት ነው።

አንጓች፦ ማገዶ መስሎኝ ነው ያነሳሁት።

ይበልጣል፦ ቀይ ቀለም የተቀባ ማገዶ የት አገር አይተው ያውቃሉ? አራቱን ማዕዘን ለክቼ ተክዬ፣ ውኃ ልጎነጭ ዞር ከማለቴ ሦስቱ የሉም። እኔ ደግሞ እዚያ የቆመውን በሬ ስረግመው ነበር።

አንጓች፦ በሬውን ይቅርታ ይጠይቁት። እኔ ነኝ።

ይበልጣል፦ ምን አደረግኩዎት?

አንጓች፦ ምንም አላደረጉኝም። አራተኛዋንም ይንቀሏት ልል ነው የመጣሁት። ቤቱ እዚህ አይሠራ።

ይበልጣል፦ እየቀለዱ ነው?

አንጓች፦ ለቀልድማ የሚሰጣ ገብስ ጥዬ አልመጣም።

ይበልጣል፦ በመጀመሪያ እርስዎ፣ እርስዎ የሚለውን ይተዉልኝ። ታናሽ ወንድምዎ እሆናለሁ፤ አንተ ይበሉኝ።

አንጓች፦ ማኅተም ያለው ወረቀት የያዘን ሰው አንተ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ይበልጣል፦ እንደ ፈቀዱ። ግን ያድምጡኝ። ከሰዓት በኋላ ግሬደሩ ይመጣል። መጀመሪያ ከዳር ዳር ቦይ ይቀድና የጨፌውን ውኃ ያንጣፍፋል። ከዚያ ድንጋይና ቀይ አፈር እንሞላለን። መሠረት ይወጣል። ይኸውም እናንተው አጸደ ሕፃናት ይሠራልን እያላችሁ ስንት ጊዜ ወረዳ የተመላለሳችሁበት ነው። የእርስዎ የመጨረሻዋ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?

አንጓች፦ አምስት ልትሞላ ነው። ውባለም ትባላለች። ደብተር ሳይኖራት ባዶ ቦርሳ አዝላ ነው የምትውለው።

ይበልጣል፦ ታዲያ ለሷ አይደለም እንዴ የምንሠራው?

አንጓች፦ ለሷ ስለሆነማ ነው። እሷን ነው እኮ እዚህ ውስጥ የምታስገቡብኝ።

ይበልጣል፦ እዚህ ምን አለ? ይዩት፣ እረግጠዋለሁ። ድንጋይ ነው የሚመስለው።

አንጓች፦ አሁን ሚያዝያ ነው። በሚያዝያ የኔም ጉሮሮ ደርቋል። እግርዎ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ይበልጣል፦ ሣር ነዋ።

አንጓች፦ ሣሩስ ምን ይባላል?

ይበልጣል፦ እኔ መሐንዲስ ነኝ እንጂ በግ አይደለሁም።

አንጓች፦ እንግጫ ነው። ጳጉሜን ላይ ሴት ልጆች ለዘመን መለወጫ ሊነቅሉት ሲመጡ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ነው የሚገቡት። እንግጫ ውኃ ያልተኛበት ቦታ አይበቅልም። ከርሞ ውኃው ሲመለስ ሣሩን አጥቶ ቤቱን ነው የሚያገኘው።

ይበልጣል፦ ለዚያ ነው እኮ ቦይ የምንቀደው። ውኃው ወደ ታች ይሄዳል።

አንጓች፦ ወደ ታች ማን ዘንድ?

ይበልጣል፦ ወደ ታች ነዋ። ወደ ምንጩ በኩል።

አንጓች፦ ምንጯን አይተዋታል?

ይበልጣል፦ እንዳለች ሰምቻለሁ።

አንጓች፦ ያቺ ምንጭ የምትጠጣው ከዚህ ጨፌ ነው። ጨፌው ክረምቱን ሙሉ እንደ ጠገበች ላም ተኝቶ ያጠራቅማል፤ በጋውን በሙሉ ትንሽ ትንሽ ይለቅላታል። አሁን በዚህ ወር የላይኛው ሰፈር ጉድጓድ ደርቆ እነሱም ከሷ ነው የሚቀዱት። ቦይ ቀደው ባንድ ክረምት ጠራርገው ከላኩት፣ ሐምሌ ላይ ጎርፍ ታችኞቹን ያጥባል፤ ጥር ላይ እኛ በእንስራ አፍ አፈር እናያለን።

ይበልጣል፦ ይህንን ከማን ተማሩት?

አንጓች፦ ከጥጃ። ባለፈው ነሐሴ እዚህ ገብታ እስከ ሆዷ የሰጠመችዋን ስድስት ሆነን ስንስብ ዋልን። የሰው ልጅ ከጥጃ ካልተማረ ከምን ይማራል?

ይበልጣል፦ እሺ፣ ውኃውን ተውነው እንበል። መሬቱ ሜዳ ነው። ድንጋይ የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ መንገድ አጠገብ ነው።

አንጓች፦ ዛፍ ለምን እንደሌለበት ጠይቀዋል?

ይበልጣል፦ ለምን?

አንጓች፦ ውኃው ሥሩን ስለሚያበሰብሰው ነዋ። ደግሞ ያንን ስንጥቅ ይዩት። ክንዴ እስከ ክርኔ ይገባል። ክረምት ሲሆን ይህ ሁሉ ተመልሶ ይገጥማል። የዘውዱ ወፍጮ ቤት እንዲህ ባለ ዋልካ ላይ ነው የተሠራው። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ተተርትሮ አሁን ድመቷ በበር መግባት ትታለች።

ይበልጣል፦ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ መሠረትም አብሮት ይሄዳል። አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ።

አንጓች፦ ካወቁ ደግ።

ይበልጣል፦ ቆይ፣ እዚህ ካልሆነ የት ሊሠራ ነው? እዚያ ማዶ ጉብታው ላይ?

አንጓች፦ ጉብታው ላይ።

ይበልጣል፦ ድንጋይ ነው እኮ። ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጃል? ዋንዛዎቹስ?

አንጓች፦ ዋንዛዎቹን ማን ይንኩ አለዎት? ቤቱን በመካከላቸው ያስገቡት። በአጨዳ ጊዜ እኛ እናቶች ሕፃን የምናስተኛው የት ይመስልዎታል? ሁሉም እናት ጉብታው ላይ ነው፣ ዋንዛው ሥር። ጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያገኘዋል፣ ቀትር ላይ ጥላ አለው፣ ነፋሱን ደግሞ ከጀርባ ያለው ዐለት ይይዝልናል። አንዲትም እናት ጨፌው ዳር ልጅ አታስተኛም። ብርድ አለው፣ ትንኝ አለው። ልጅ የሚተኛበትን ቦታ እናት በእንቅልፏም ታውቀዋለች።

ይበልጣል፦ ወይዘሮ አንጓች።

አንጓች፦ አቤት።

ይበልጣል፦ ይህ አሁን የነገሩኝ ነገር እኛን ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ፈጅቶብናል።

አንጓች፦ ታዲያ ካስማውን ለምን እዚህ ተከሉት?

ይበልጣል፦ ወረቀቱ እዚህ ስለሚል ነው።

አንጓች፦ ወረቀቱ።

ይበልጣል፦ አዎ። የቦታ መረጣ ቃለ ጉባኤው። አምስት የኮሚቴ አባላት አረጋግጣችሁበታል። አያ ፈንቴና ሦስቱ በጣታቸው፣ እርስዎ ደግሞ በፊርማዎ።

አንጓች፦ ፊርማዬን ይተዉት።

ይበልጣል፦ ለምን እተወዋለሁ? ቀለሙን ባቀርብልዎ «ብዕር ይስጡኝ» ያሉት እርስዎ አይደሉም? ሰው ሁሉ አጨበጨበልዎ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አንጓች፦ አጨበጨባችሁ። አውቃለሁ። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ይበልጣል፦ ያኔ ይህ ሁሉ እውቀት የት ነበር? ይህ እንግጫ፣ ይህ ጥጃ፣ ይህ ዋልካ? አንዱን አልተናገሩም። እኔ ብቻዬን ተነሥቼ አምስት ሰው ያረጋገጠውን ብሽር፣ ነገ «ምን ሆነህ ነው?» ስባል ምን እላለሁ? አንዲት እናት ካስማ ነቀለችብኝ ልበል?

አንጓች፦ ወረቀቱ ስለ ውኃው ምን ይላል?

ይበልጣል፦ አንብበውታል እኮ።

አንጓች፦ ምን ይላል?

ይበልጣል፦ ለምን ይጠይቁኛል? ያን ዕለት አንብበውታል። እኔ ራሴ «አንብበውታል?» ብዬ ጠይቄዎት «አዎ፣ አንብቤዋለሁ» ብለውኛል።

አንጓች፦ አላነበብኩትም።

ይበልጣል፦ እንዴት አላነበቡትም? ይዘውት ቆዩ። ዓይንዎ ከመስመር መስመር ሲሄድ አይቻለሁ።

አንጓች፦ ዓይኔ ሄዷል። እኔ አብሬው አልሄድኩም።

ይበልጣል፦ ታዲያ ምን ሲያደርጉ ነበር?

አንጓች፦ ስሜን የምጽፍበትን ቦታ ስፈልግ ነበር። እንዲያ አይዩኝ። ወደዚያ ወደ በሬው ይመልከቱና እነግርዎታለሁ።

ይበልጣል፦ እሺ። በሬውን እያየሁ ነው።

አንጓች፦ ሃያ ሁለት ዓመት በጣቴ ነው የፈረምኩት። ለመሬቱ ደብተር በጣት። ለማዳበሪያ በጣት። ለልጆቼ ክትባት በጣት። ከየቢሮው ስወጣ ጣቴን በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግሁ። ያ ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ቶሎ አይለቅም፤ ቤት ድረስ ይከተልዎታል። መምህርቷ ዘጠኝ ወር አስተማረችን። ፊደሉን ለየሁ። ስሜን ጻፍኩ። ቃል ደግሞ አንድ በአንድ፣ እንደ ሽሮ ክክ እየለቀምኩ አነባለሁ፤ ጊዜ ከሰጡኝ። ያን ዕለት ጊዜ አልነበረም። ሰው ከብቦኛል፣ እርስዎ ሰዓትዎን ያያሉ፣ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። «አላነበብኩትም» ብል ብዕሩን ነጥቀው ቀለሙን መልሰው የሚያቀርቡልኝ መሰለኝ።

ይበልጣል፦ ማንም አይነጥቅዎትም ነበር።

አንጓች፦ አሁን ነው የማውቀው። ይህ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልመጣሁ። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ምን ይላል አንጓች?» አሉኝ።

ይበልጣል፦ ምን አሏቸው?

አንጓች፦ «ደህና ነው» አልኳቸው።

ይበልጣል፦ ከዚያስ?

አንጓች፦ እሳቸው ለሌሎቹ «አንጓች አንብባዋለች፣ ደህና ነው» አሉ። አራቱም በኔ አንደበት ነው ጣታቸውን ያስቀመጡት። እኔ እኮ የጉብታው ነው ብዬ ነው፤ ሁላችንም ስንነጋገር የነበረው ስለ ጉብታው ነው። ዛሬ ጠዋት ካስማውን እዚህ ሳየው ነው የገባኝ። የፈረምኩት ይህንን ነው።

ይበልጣል፦ ጠዋት መጥተው ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ካስማ መስረቅ አያስፈልግዎትም ነበር።

አንጓች፦ ካስማ መስረቅ ይቀላል።

ይበልጣል፦ ያን ያህል?

አንጓች፦ ሌባ ቢሉኝ ምን ይለኛል? ሦስት እንጨት ነው። ይህኛው ውሸት ግን በየቀኑ ነው የሚሰድበኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ወረቀት ይዞልኝ ይመጣል። «አንጓች ታነባለች» ተባለ። ማክሰኞ ጎረቤቴ ትደነቅ የልጇን የመድኃኒት ሣጥን ይዛ መጣች፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ንገሪኝ አለችኝ። ልጇ በትኩሳት ይቃጠላል። እኔ ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፤ ይዋኝብኛል። «ዓይኔን አሞኛል፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አልኳት። አዘነችልኝ። ለኔ ዓይን አዝና፣ የታመመ ልጅ አዝላ ያንን ሁሉ መንገድ ሄደች። እናት ነኝ እኔም። እንዴት አድርጌ ነው የማያት?

ይበልጣል፦ ልጁ ተሻለው?

አንጓች፦ ተሻለው። እኔ ነኝ ያልተሻለኝ። እርስዎ ግን ለምን ጮክ ብለው አላነበቡልንም? አራት ሰው ቀለም እየነከረ ማንበብ እንደማይችል እያዩ?

ይበልጣል፦ ቸኩዬ ነበር። ሌላ ቦታ እየጠበቁኝ ነበር።

አንጓች፦ እኔ አፈርኩ፣ እርስዎ ቸኮሉ። ወረቀቱ አሁን አለ?

ይበልጣል፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

አንጓች፦ ይስጡኝ።

ይበልጣል፦ ሊቀድዱት ነው?

አንጓች፦ ላነበው ነው።

ይበልጣል፦ እኔ ቶሎ ላንብብልዎ።

አንጓች፦ አይሆንም። አንብቤዋለሁ ብያለሁ፤ ሁለት ወር ዘግይቶም ቢሆን እውነት ይሁንልኝ። ካስማዎቹን ይያዙልኝ።

ይበልጣል፦ እንኩ እንግዲህ። ብዙ ነው ግን።

አንጓች፦ የቦ... ታ... የቦታ መ... ረ... ጣ... የቦታ መረጣ ቃለ... ጉ...

ይበልጣል፦ ጉባኤ።

አንጓች፦ አይቅደሙኝ። ጉባኤ። ታዲያ ይህን ርዕሱን ያኔም አንብቤው ነበር። ከዚህ በታች ነው ያልሄድኩት። ለአጸደ... ሕፃናት... የተ... መረጠው ቦታ...

ይበልጣል፦ ወይዘሮ አንጓች፣ ዋናው ከታች ነው፤ ስለ ውኃው የሚለው በሁለተኛው ገጽ...

አንጓች፦ ከላይ ነው የምጀምረው። መምህርቷ ዘልሎ የሚያነብ ሰው ያየውን ብቻ ነው የሚያነበው ትላለች። የተመረጠው ቦታ... በስተ... ምሥ... ራቅ... በቀ... ጨ... ሞ... ወ... ወንዝ... ይዋ... ሰናል። ቆይ። ተሳሳትኩ።

ይበልጣል፦ ይለፉት።

አንጓች፦ ልመለስበት። በስተምሥራቅ። በቀጨሞ ወንዝ። ይዋሰናል። እንደገና ያው ነው የሚወጣልኝ። ይቅርታ፣ ይህ ፊደል «ቀ» አይደለም?

ይበልጣል፦ «ቀ» ነው።

አንጓች፦ ይህስ «ጨ»?

ይበልጣል፦ «ጨ» ነው።

አንጓች፦ እንግዲህ ዓይኔን እውነትም አሞኛል ማለት ነው። እዚህ ወንዝ የለማ። በስተምሥራቃችን የአያ ፈንቴ የጤፍ ማሳ ነው።

ይበልጣል፦ የጽሕፈት ስህተት ይሆናል።

አንጓች፦ ወንዝ ሙሉ? ልቀጥል። አፈሩ... አሸ... ዋ... ማ... አሸዋማ ነው። አሸዋማ። ይህንን ይዩልኝ፤ እጄ ላይ ያለውን። ጥቁር ነው፣ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ ነው። ወይስ እናንተ ዘንድ አሸዋ ሲባል ሌላ ነገር ነው? አላውቅም፤ ካላወቅሁ ይንገሩኝ። አላፍርም፣ አፍሬ ጨርሻለሁ።

ይበልጣል፦ አሸዋ አሸዋ ነው።

አንጓች፦ ታዲያ በትክክል አላነበብኩም?

ይበልጣል፦ በትክክል አንብበዋል።

አንጓች፦ ሦስት... የመ... ሞከሪያ... ጉድ... ጓዶች... ተቆፍረው... ውኃ... ማስረ... ጋቸው... ተለክቷል። ጉድጓድ? ማን ቆፈረ? የት ነው ያለው? እኔ በየቀኑ እዚህ አልፋለሁ፤ እንኳን ጉድጓድ አይጥ ስትቆፍር አያለሁ።

ይበልጣል፦ ወረቀቱን ይስጡኝ።

አንጓች፦ ገና ነው።

ይበልጣል፦ ይበቃል። ስለ እግዚአብሔር፣ ይበቃል።

አንጓች፦ ቀጨሞ ወንዝ የት ነው ያለው?

ይበልጣል፦ ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሌላ ቀበሌ ነው።

አንጓች፦ ይህ ወረቀት የነሱ ነው?

ይበልጣል፦ የነሱ ነበር። የቀበሌውንና የቦታውን ስም ብቻ ነው የቀየርኩት።

አንጓች፦ በሬውን ልይ?

ይበልጣል፦ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

አንጓች፦ እያየሁት ነው። ይናገሩ።

ይበልጣል፦ አሥራ አንድ ቦታ ተሰጠኝ። በአሥራ ስድስት ቀን ጨርስ ተባልኩ። የመጀመሪያውን፣ የቀጨሞውን፣ ከልቤ ሠራሁት። ቆፈርኩ። ጉድጓዱን በውኃ ሞልቼ እስኪሰርግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ተቀምጬ ቆጠርኩ። ነፋሱን፣ ፀሐዩን፣ ተዳፋቱን፣ ሁሉንም። አምስት ቀን ወሰደብኝ። የቀረኝ አሥር ቦታና አሥራ አንድ ቀን ነበር። ከዚያ... ገለበጥኩ።

አንጓች፦ እዚህስ መጥተው አላዩም?

ይበልጣል፦ በየካቲት መጣሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ አየሁት። ሜዳ ነው፣ ደረቅ ነው። ጉብታው ሥራ ይበዛበታል አልኩ።

አንጓች፦ ከሞተሩ ወርደው?

ይበልጣል፦ ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

አንጓች፦ የቤቱ ንድፍስ? ይህ በሁለተኛው ገጽ ያለው፣ ክብ ክብ ያለበት?

ይበልጣል፦ ንድፉም የዚያው ነው።

አንጓች፦ ይህች ክብ ምንድን ናት?

ይበልጣል፦ መጸዳጃ ቤት።

አንጓች፦ እዚህ ላይ ስትቆፈር ከምንጯ በላይ ትሆናለች።

ይበልጣል፦ እዚያ ወንዙ በሌላው በኩል ነበር። እዚያ ልክ ነበረች።

አንጓች፦ ውባለም ከታች ትጠጣለች፣ ውባለም ከላይ ትቀመጣለች። አንተ ልጅ።

ይበልጣል፦ አቤት።

አንጓች፦ አንተም ሳታነብ ነው የፈረምከው።

ይበልጣል፦ አዎ። መሬቱን ሳላነብ።

አንጓች፦ ቁጭ በል። ፊትህ ተለውጧል። በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ። እናት አለችህ?

ይበልጣል፦ አለችኝ። መሐንዲስ ልጅ አለኝ እያለች ትኖራለች።

አንጓች፦ የኔም ልጆች እናታችን ማንበብ ቻለች እያሉ ይኖራሉ።

ይበልጣል፦ ወይዘሮ አንጓች፣ አንድ ነገር ልበልዎት። ግሬደሩን አስቀረዋለሁ። አሁን እደውላለሁ። «የቴክኒክ ችግር ተገኘ» እላለሁ። ይህንን ወረቀት እቀደዋለሁ፤ ለጉብታው አዲስ እጽፋለሁ፤ ቆፍሬ፣ ለክቼ፣ በሚገባ። አምስታችሁም እንደገና ትፈርማላችሁ። ማንም ምንም አያውቅም። ያላነበቡት አይሰማም፣ የገለበጥኩትም አይሰማም። የእርስዎም ስም ይተርፋል፣ የኔም እንጀራ።

አንጓች፦ አያ ፈንቴስ?

ይበልጣል፦ እሳቸው ምን ያውቃሉ? ቦታው ተቀየረ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል።

አንጓች፦ አዲሱን ወረቀት ስታመጣ ደግሞ ጎንበስ ብለው «ምን ይላል አንጓች?» ይሉኛል።

ይበልጣል፦ ያኔ አንብበው ይነግሯቸዋል።

አንጓች፦ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ያመጣል። ትደነቅ ሌላ መድኃኒት ታመጣለች። «አንጓች አትሳሳትም» ይባላል። ልጄ፣ ያቀረብክልኝ ነገር ጣፋጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ብታቀርብልኝ እግርህን ስሜ በወሰድኩት።

ይበልጣል፦ ዛሬስ?

አንጓች፦ አሥራ አንድ ቦታ አላልከኝም?

ይበልጣል፦ ብያለሁ።

አንጓች፦ ይህንን ከቀደድከው አሥር ይቀራል። አንዱ እውነት ነው እንበል፣ ዘጠኝ። ዘጠኙ ቀበሌ ውስጥ አሸዋ ያልሆነ አሸዋ አለ፣ የሌለ ወንዝ አለ።

ይበልጣል፦ ምናልባት ቦታቸው ደህና ይሆናል።

አንጓች፦ ምናልባት። ግሬደር ገብቶባቸዋል?

ይበልጣል፦ ገና። መጀመሪያ የናንተው ነው። ከዚህ ወደነሱ ነው የሚሄደው።

አንጓች፦ እዚያም የአምስት ዓመት ልጅ አለ። እዚያም እንደኔ ብዕር የጠየቀች አትጠፋም። ስሟን ጽፋ ተጨብጭቦላታል። እሷ ምን ብላ ነው ካስማ የምትነቅለው?

ይበልጣል፦ ሥራዬን ያሳጡኛል፤ ያውቃሉ?

አንጓች፦ ሊያሳጡህ ይችላሉ። እኔንም ነገ ከትምህርቱ ስወጣ ልጆች በጣታቸው ያሳዩኛል። «ያቺ ናት፤ እያየች የማታነበው።» አላቃልልብህም።

ይበልጣል፦ እና ምን እናድርግ?

አንጓች፦ መጀመሪያ ለግሬደሩ ደውል።

ይበልጣል፦ እሺ። እደውላለሁ።

አንጓች፦ ቀጥሎ ወረቀቱን አትቅደደው። ለኔ ተወው። ብዕር አለህ?

ይበልጣል፦ አለኝ። ምን ሊያደርጉበት ነው?

አንጓች፦ ስሜ ያለበትን ገጽ አውጣልኝ። ይኸው። አየህ፣ «አንጓች» የምትለዋ እንዴት እንዳማረባት? «ጓ»ዋን ብቻ ሁለት ሳምንት ተለማምጃታለሁ። ከጎኗ አንድ ቃል ልጨምር ነው። ከስሜ ሌላ በወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ አትቸኩልብኝ።

ይበልጣል፦ አልቸኩልም። ምን ብለው ነው የሚጽፉት?

አንጓች፦ «አላነበብኩም» ብዬ ነው። ከጻፍኩ በኋላ አያ ፈንቴ ቤት ይዤው ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ወንዙንም አሸዋውንም። ሲስቁብኝ ይሳቁ። ከዚያ አንተ ለወረዳው ትወስደዋለህ።

ይበልጣል፦ ይህን ይዤ ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያላነበቡትስ እነሱ ናቸው፤ አንተስ?» ነው።

አንጓች፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው በደቃቁ የምጽፈው፤ ከሥሩ ላንተ ቦታ እንዲተርፍ።